ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኮምፒውተር የጻፍኩትን አንብቦ የራስ ምታቴን ዓይነት ሊለይልኝ ይችላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው እነዋሪ ነው። ራስ ምታት ከጀመረኝ ዓመታት ተቆጥረዋል። ግራ ጎኔን ለይቶ ይፈልጠኛል፤ ሲብስብኝ ያስመልሰኛል፤ መስኮት ዘግቼ ጨለማ ውስጥ ካልተኛሁ አልችለውም፤ ሲይዘኝ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይቆያል። አንድ ቦታ ሳይነስ ነው ተባልኩ፤ ሌላ ቦታ ደም ግፊት ተለክቼ ደህና ነሽ ተባልኩ፤ ጎረቤቶቼ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ አጠጡኝ። አሁን በሳምንት አራት አምስት ቀን ፓራሲታሞል ወይም ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ። ኮምፒውተር የሚማረው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ በሽተኛው የጻፈውን አንብቦ የራስ ምታቱን ዓይነት የሚለይ ቴክኖሎጂ መጥቷል፤ ጻፊልኝና ስልኬ ላይ እንጠይቀው» ይለኛል። ልመነው? ስሜ ይቆይ፣ ከእነዋሪ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የእህትዎ ልጅ ያለው ነገር መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማይግሬንና ክላስተር ከሚባሉት ሁለት የራስ ምታት ዓይነቶች አንዱ ያለባቸው ከ100 በላይ ሰዎች ሕመማቸውን በራሳቸው አነጋገር፣ በደች (በኔዘርላንድስና በከፊል ቤልጅየም በሚነገረው) ቋንቋ እንዲጽፉ አደረጉ። ኮምፒውተሩም ጽሑፉን አንብቦ የትኛው የማይግሬን፣ የትኛው የክላስተር በሽተኛ እንደጻፈው እንዲለይ አሠለጠኑት፤ አብዛኛውን በትክክል ለየ። አሜሪካ ውስጥ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሥራ ኮምፒውተር የሐኪሞችን ማስታወሻ አንብቦ በሽተኛው በወር ስንት ቀን ራሱን እንደሚያመው ማውጣት እንደሚችል አሳይተዋል።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ማይግሬን በደም ምርመራ አይገኝም፤ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይም የምናዘው ሌላ በሽታ አለመኖሩን ለማየት ነው። የምንለየው በሽተኛው በሚነግረን ነው። ማይግሬን ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ጎን ይዞ ትር ትር ይላል፤ ደረጃ ሲወጡ ይብሳል፤ ያቅለሸልሻል፤ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል። ክላስተር ግን ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት የሚቆይ፣ አንድ ዓይን ዙሪያ የሚነድል ብርቱ ሕመም ነው፤ በዚያው ጎን ዓይን ያነባል፣ አፍንጫ ይደፈናል። ማይግሬን የያዘው ንቅንቅ ማለት አይፈልግም፤ ክላስተር የያዘው ቁጭ ብሎ መቆየት ያቅተዋል። «ጨለማ ውስጥ ተኛሁ» ያለና «ስንቆራጠጥ አደርኩ» ያለ ሰው ወደተለያየ በሽታ ይመሩኛል። ኮምፒውተሩም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቃል ነው።

ለእርስዎ ግን ገና አልደረሰም። በደች የሠለጠነ ኮምፒውተር «ይፈልጠኛል»፣ «ይወቃኛል»፣ «ጭው ይልብኛል»፣ «ምች መታኝ» ሲሉት ምን እንደሆነ አያውቅም። በአማርኛ አሉታው ራሱ ግሡ ውስጥ ነው፤ «ያቅለሸልሸኛል» እና «አያቅለሸልሸኝም» የሚለያዩት ከፊትና ከኋላ በተጨመሩ ጥቂት ፊደሎች ነው፤ ይህችን የሳተ ማሽን የተናገሩትን ገልብጦ ይወስደዋል። የእህትዎ ልጅ ስልክ ላይ ያለው ፕሮግራም አማርኛ አሳምሮ ሊመልስ ይችላል፤ ግን አማርኛ ተናጋሪ የራስ ምታት በሽተኞች ላይ ተፈትኖ አይደለም የሚመልስልዎት።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጌንቱ ኮምፒውተር የተማረው ሁለት በሽታ ለይቶ መናገር ነው፤ ሦስተኛ ቢመጣበት ከሁለቱ አንዱን ይላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ ያደረ ሰው ጠዋት ራሱን ይዞ፣ እያቅለሸለሸው ይነሳል። ሕመሙን ቢጽፈው ማይግሬን ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን ከከሰሉ የሚወጣው፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ይገድላል። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሰው ቤት ያሉት ሌሎችም አሟቸው እንደሆነና ውጭ ሲወጣ ይሻለው እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ደም ግፊት መለካት፣ የዓይንን ውስጥ በመሣሪያ ማየት፣ አንገት መታጠፉን መሞከር ደግሞ በጽሑፍ የሚሆን አይደለም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የነገሩኝ ማይግሬን ይመስላል፤ ሳልመረምርዎት ግን ነው ብዬ አልደመድምም። ማይግሬንም አፍንጫ ሊደፍንና ዓይን ሊያስነባ ስለሚችል ብዙ ሰው ሳይነስ ተብሎ ይታከማል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት ለቤት ተዞሮ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከ100 ጎልማሶች 17 ወይም 18ቱ ማይግሬን እንዳለባቸው አግኝቷል፤ ብቻዎን አይደሉም።

ያስደነገጠኝ መድኃኒቱ ነው። ፓራሲታሞልን ወይም ዳይክሎፌናክን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ለበለጠ ጊዜ የወሰደ ሰው መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል፤ እርስዎ በሳምንት አራት አምስት ቀን ከወሰዱ ልኩን አልፈዋል። ዳይክሎፌናክ ጨጓራና ኩላሊትም ይጎዳል። አወሳሰዱን እንዴት እንደሚያቆሙ ከሐኪም ጋር ይወስኑ። ሕመሙ እንዳይመላለስ የሚከላከሉ እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። አስም ካለብዎ፣ እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ከመታዘዙ በፊት ይናገሩ።

ራስ ምታቱ በድንገት ከምንጊዜውም በላይ ከበረታ፣ ትኩሳት ከመጣና አንገትዎ አልታጠፍ ካለ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ምላስዎ ከተሳሰረ፣ ዓይንዎ ከጋረደ፣ ወይም ጭንቅላትዎን ከተመቱ በኋላ ከጀመረ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ዕድሜው ከ50 ካለፈ በኋላ አዲስ ራስ ምታት የጀመረው ሰውም ሳይዘገይ መታየት አለበት።

እስከ ቀጠሮዎ በደብተር ይጻፉ፤ በሕክምና ቋንቋ ሳይሆን በራስዎ አነጋገር። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ክፍል ውስጥ እያለሁ ከግራ ዓይኔ በላይ ጀመረኝ። ደረጃ ስወጣ ትር ትር ማለቱ ባሰ። ቁርስ አልበላሁም ነበር። አንዴ አስመለሰኝ። ሁለት ፓራሲታሞል ዋጥኩ። ረቡዕ ጠዋት ለቀቀኝ።» የወር አበባዎ የመጣበትን ቀን፣ በጾም ቡና የቀረብዎትን ቀን፣ ከሰል ያነደዱበትን ሌሊት ይጨምሩበት። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ በችኮላ ከሚነግሩን ይልቅ እንዲህ የተጻፈ ገጽ ለሐኪሙ እጅግ ይጠቅመዋል።

የእህትዎ ልጅ ጉጉቱ ደስ ብሎኛል። ስልኩ ላይ የእርስዎን ስምና የካርድ ቁጥር እንዳያስገባ ይንገሩት። ጎበዝ ከሆነ የሚሠራው አለ፦ በሐኪም የተረጋገጠላቸው ሰዎች ፈቅደው በአማርኛ የጻፉትን መሰብሰብ፤ የመንዙን፣ የቡልጋውን፣ የመርሐቤቴውን አነጋገር እንዳለ፣ ሳያስተካክሉ። ይህ ከሐኪሞች ጋርና በዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የሚሠራ ነው።

እርስዎ ግን ይህን አይጠብቁ። ደብተሩንና የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ ይዘው በአቅራቢያዎ ሆስፒታል ይታዩ፤ በሁለት ወር ውስጥ ለውጥ ካላዩ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ያጽፉ።