ደብረ ማርቆስ ላይ ግጥም ለሚጽፉት እኅታችን

ጠያቂዋ እኅታችን በመስከረም ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ እንደሚዛወሩ፣ ግጥም እንደሚጽፉ፣ በከተማዋም «የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ የሚባል ነገር» ስለ መኖሩ እንደሚጠራጠሩ ጽፈዋል። አሥራ አንድ ዓመት እዚያው አማርኛ ያስተማርኩ፣ አንድ የግጥም መድበልም በራሴ ወጪ አሳትሜ የከሰርኩ ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርዎት።

እንቅስቃሴ ሲሉ በአእምሮዎ ያለው አዲስ አበባ በራስ ሆቴል ይካሄድ እንደነበረው የግጥም በጃዝ ምሽት፣ በየወሩ ቀኑ ተቆርጦ የሚጠበቅ መድረክ ከሆነ ቅር ይሰኛሉ። እንዲህ ያለ መርሐ ግብር ሦስት ጊዜ ሲጀመር አይቻለሁ፤ ሦስቱም ከአምስት ወር አላለፉም። ምክንያቱ የፍላጎት ማነስ አልነበረም። የሚያስተባብረው መምህር ይዛወራል፣ ዋሽንት የሚነፋው ተማሪ ይመረቃል፣ አዳራሹ ለስብሰባ ይፈለጋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር የተነሣ አምሽቶ መሰብሰብ ራሱ አስቸጋሪ ሆኗል። እኛ የምንገናኘው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስድስት ሰባት ሆነን፣ ቡና እየጠጣን ነው።

ይሁን እንጂ በምሥራቅ ጎጃም የሚኖር ገጣሚ በሌላ ቦታ በቀላሉ የማያገኘው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ግጥምን ሰምቶ የማረም ልማድ ነው። በአካባቢው ባሉት የቅኔ ቤቶች ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በቃሉ ይደርሳል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቃሉ የተበላሸበትን፣ ቤቱ ያልመታለትን፣ ምሥጢሩ የሳሳበትን እዚያው ያርምለታል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚታረም ያስቡት። ቋንቋው ግእዝ ስለሆነ በአማርኛ ለምንጽፈው የማይጠቅም ሊመስል ይችላል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ ቅዳሜ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ስለ ሞተ እረኛ ልጅ የጻፍኩትን ግጥም አነበብኩ። መዝጊያው «ሳይማር ሞተ» የሚል ነበር፤ «ሳይማር» አንድም ትምህርት ሳያገኝ፣ አንድም ምሕረት ሳያገኝ ተብሎ እንዲፈታ አስቤ ነበርና ሲጨበጨብልኝ ደስ አለኝ። በዚያ ቀን፣ ብዙ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ አንድ አዛውንት የኔታ ከጥግ ተቀምጠው ነበር። ጭብጨባው ሲያበቃ በቀስታ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ምን በድሎ ነው ምሕረት የሚያስፈልገው? መልስ አልነበረኝም። ለካ ሰሙ ሲቆም ወርቁ የሚቆምበት መሬት አልነበረውም። ሁለት ሳምንት ከታገልኩት በኋላ የግጥሙን ባለታሪክ ለወጥኩ፤ በእረኛው ልጅ ፋንታ፣ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ከብት ያስጠበቀውን አባት አደረግሁት። እርሱም ሳይማር ሞተ፤ ከመዝጊያው ግን አንድ ፊደል አልተነካም። ከዚያ ወዲህ ለጭብጨባ ያለኝ ግምት ቀንሷል።

ዩኒቨርሲቲው በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የሰየመው የባህል ጥናት ተቋም አለው፤ ይህም ሲያንስ እንጂ የሚበዛ አይደለም፤ ደራሲው በደብረ ኤልያስና በዲማ ቅኔ የተማሩ የአገሩ ልጅ ናቸውና። ቅሬታዬን ግን አልደብቅም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ለከተማዋ ኩራት ብቻ ሳይሆን መሸሸጊያም ሆኗል። ብዙ ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የሚያውቃቸው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ነው (ትረካው ድንቅ ስለሆነ አልፈርድበትም)፤ ዛሬ እዚያው ጎረቤቱ ያለው ሰው የሚጽፈውን ግን ገልጦ አያይም። የሥነ ጽሑፍ ውይይት ተብሎ ተጠርቼ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ስንነጋገር የዋልንባቸውን ቀናት መቁጠር ትቻለሁ።

ስለ ማሳተም ብዙ አልልም። 500 ቅጂ አዲስ አበባ አሳትሜ በአውቶቡስ አስመጣሁ፤ በምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ የተሸጠው 60 አይሞላም። አንድ አከፋፋይ 100 ቅጂ ወስዶ ገንዘቡንም መጽሐፉንም ሳይመልስ ቀረ፤ የተረፈው ዛሬም አልጋዬ ሥር ነው። አይቸኩሉ።

ሲመጡ አስቀድመው መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግተው የሚሸጡትን ያነጋግሩ፤ በከተማዋ ማን ምን እንደሚያነብ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሚኒ ሚዲያም አይናቁት፤ የቅዳሜው ስብስባችን ግማሹ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ግጥም ሲያነብ ያደገ ነው። ወደ እኛ ሲመጡ ደግሞ ሁለት ግጥም ይበቃል፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ ገልብጠው ይያዙ፤ የኔታ ከስልክ ሲነበብ ደስ አይላቸውም፤ አንዱንም ግጥም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያስደግማሉ።