ጠይቁኝ፦ የፒካፕ የኋላ ፓራውልት ዝገት

ዝገት ጠላት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት የራሴን ፒካፕ የኋላ ፓራውልት (ባምፐር) አውርጄ በአዲስ ቀየርኩ፣ ከዛ ወዲህ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ እዚሁ ባንድ ላይ ልመልስ። የኔው ከፊት ሲታይ ክሮሙ ያበራል፣ ሁለት ሦስት የዝገት ነጠብጣብ ብቻ ነበረው። ፈትቼ ስገለብጠው ግን ጥጉ ላይ ጭቃ ተጠቅጥቋል፣ መኪናው ውሃ ካየ ሳምንት አልፎት ጭቃው ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ስጠርገው ብረቱ እንደ ዛፍ ቅርፊት እየተላጠ መጣ፣ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው በሳው። ፓራውልት የሚበላው ከጀርባው ነው። ይሄን ይዛችሁ ጠይቁ።

ባለ ነጯ፦ ጋሼ ብሎኖቹ ሙጭጭ ብለው አልፈታም አሉኝ፣ ምን ላድርግ?

ዝገት ጠላት፦ መጀመሪያ ቁልፍ አታንሳ። የብሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ዝገት ፈቺ ዘይት ንፋበት፣ አሳድረው፣ ጠዋት ድገመው። ስትፈታ ባለ 6 ማዕዘን ሶኬት ተጠቀም፣ ባለ 12ቱ የዛገ ዳዶ ጠርዙን ይበላዋል። እምቢ ካለ ትንሽ ወደ ማጥበቅ ገፋ አድርገው፣ ጠብ ሲል ትሰማዋለህ፣ ከዛ መልሰው። እሳት የመጨረሻ ነው፣ ከዛ በፊት ስኮርት ጎማውን አውርድ፣ የነዳጅ ታንኩና የፍሬን ቱቦው የት እንዳለ በአይንህ እይ። ዘይት የነፋህበትን ደሞ ሳትጠርግ እሳት አታስጠጋ። ካልሆነ በግራይንደር ቁረጠው፣ አሮጌ ብሎን መልሰህ አታስርም አይደል።

ሜካኒኩ ልጅ፦ የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅሎ መቀባት ከሁሉም ይበልጣል።

ዝገት ጠላት፦ ይሰራል። ግን አሴቶን ቶሎ ይቀጣጠላል፣ እሱን ቀብተህ እሳት ማሰብ የለም። ቀለምም ያነሳል።

ፍቅርተ፦ እኔ መቀየር አልፈልግም፣ የዝገት መለወጫ ፈሳሹን ቀብቼ ጥቁር ስፕሬይ ብነፋበት አይበቃም?

ዝገት ጠላት፦ እህቴ፣ ፈሳሹ ታኒክ ወይ ፎስፎሪክ አሲድ ነው፣ የሚሰራው ብረቱ ላይ በጠበቀ ስስ ዝገት ላይ ነው። የሚላጥ ቅርፊት ላይ ከቀባሽው ላይኛውን ብቻ ያጠቁረዋል፣ ከስር ያለው ይቀጥላል። ደህና ክሮም ላይ ደሞ ምንም አያደርግም። ለማንኛውም ጀርባውን አይተሽዋል?

ፍቅርተ፦ አላየሁትም።

ዝገት ጠላት፦ እዪና ተመለሺ።

ዳዊት ፒካፕ፦ ፓውደር ኮት፣ ቀለም ወይስ ጋልቫናይዝድ? የትኛው ይሻላል?

ዝገት ጠላት፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ፓውደር ኮት በዱቄት ተነፍቶ በሙቀት የሚጋገር ቀለም ነው፣ ያምራል፣ ጠንካራ ነው፣ ግን አንድ ጠጠር ፈንክቶት ብረቱ ከታየ ውሃው ከስሩ እየሾለከ ይሄዳል፣ ከላይ ሙሉ መስሎህ ከስር ዝገት ይሰፋል፣ አንድ ቀን እንደ ላስቲክ ተገፎ ይመጣል። ጋልቫናይዝድ ሌላ ነገር ነው፣ ብረቱ 450 ዲግሪ አካባቢ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ ስለሚወጣ ውስጡም ውጪውም ይለብሳል፣ ቢጫርም ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። ግን ፓራውልቱ የተዘጋ ቱቦ ካለው ከመነከሩ በፊት አየር ማስወጫ ቀዳዳ የግድ ነው፣ አለበለዚያ ውስጡ የታመቀው ይፈነዳል፣ ሰው ይጎዳል። ጋልቫናይዝድ ላይ ደሞ ዘይት ቀለም በቀጥታ አትቀቡ፣ ከዚንኩ ጋር ተጣልቶ ይላጣል፣ ሸከር አድርጋችሁ ለዚንክ የሚሆን ፕራይመር (የስር ቀለም) ስጡት። ሁለቱንም የማያገኝ ሰው ብረቱን እስኪያበራ አጽድቶ ኤፖክሲ ፕራይመር ሁለት እጅ፣ ከዛ ቀለም። ስቱኮ አትሙሉበት፣ ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። ጀርባውን ከፊቱ አስበልጣችሁ ቀቡ፣ ጀርባውን!

ሜካኒኩ ልጅ፦ ብሎኑን ግን ስቴይንለስ አድርጉት፣ ዳግም አይዝግም።

የከባድ መኪና ሰው፦ ተው ወንድሜ። ስቴይንለስ ጥርሱ እርስ በርሱ ተናክሶ ሲቀር አይተህ አታውቅም? እኔ በግራይንደር ነው የቆረጥኩት።

ሜካኒኩ ልጅ፦ ግራሶ ሳትቀባ አስረኸው ነዋ።

የከባድ መኪና ሰው፦ ጥንካሬውስ? የተለመደው ስቴይንለስ 8.8 ከሚባለው የብሎን ጥንካሬ ደረጃ ያንሳል።

ዝገት ጠላት፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ርዕሱ ሄደ። ዚንክ የለበሰ 8.8 ወይ ፋብሪካው ያዘዘው፣ ጥርሱ ላይ መዳብ ያለው ግራሶ፣ በቃ። ግራሶ ያለው ጥርስ ቀሎ ስለሚዞር እንደ ደረቁ አድርጋችሁ አታጥብቁት።

ባለ ጀልባው፦ አዲሱ ላይ መጎተቻ መንጠቆ ላስበይድ ነው፣ የት ቦታ ይሻላል?

ዝገት ጠላት፦ መጎተቻ ከሻንሲ (ከመኪናው አጽም) ጋር ይታሰራል፣ ፓራውልት ቆርቆሮ ላይ አይበየድም። ከዚህ በላይ ስለ መጎተት አልመልስም፣ ከኋላህ የሚመጣ ሰው አለ። ብየዳ ካለ ግን ለሁሉም፦ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ስኮርት ጎማ አውርዱ፣ ዚንኩን ከሚበየደው ቦታ አንሱ፣ ጭሱ ትኩሳት ያመጣል። ክሎሪን ያለው የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የነካው ብረት ላይ ደሞ ብየዳ አትጀምሩ፣ ፎስጂን የሚባል መርዝ ጋዝ ይወጣዋል።

ሰሚር፦ ጥቁር ይሻላል ክሮም?

ዝገት ጠላት፦ የፈለግከው።

ማርታ፦ ሴንሰር ያለው ፓራውልት ሲወርድ ምን ይደረጋል?

ዝገት ጠላት፦ የኤሌክትሪክ ሰው ጠይቂ። እኔ የማውቀው የታርጋ መብራቱንና የሴንሰሩን ሶኬት ከመጨረሻው ብሎን በፊት መንቀል ነው፣ ፓራውልቱ ከባድ ስለሆነ ሲወድቅ ሽቦውን በጥሶት ይወርዳል። ሁለት ሰው ሁኑ ወይ ክሪክ ደግፉት።

ዳዊት ፒካፕ፦ ጀርባውን ያ ጥቁር ጎማ መሰል ስፕሬይ ብነፋውስ?

ዝገት ጠላት፦ አይሆንም! በዚህ ነገር ስንት ሰው ሳስጠነቅቅ ኖርኩ። እሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ መውጫ ያጣል፣ ከላይ ጥቁር ደህና፣ ከስር ዱቄት። የሚያዋጣው የማይደርቅ ነው፣ የቦዲ ሰም ወይ ላኖሊን፣ እሱ የበግ ሱፍ ቅባት ነው፣ ቢጫር እንኳን ራሱ ተስቦ ይሸፍናል። በየዓመቱ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ድገሙት። የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን እንዳትደፍኑ።

ኪያ፦ ብሎኑ አልፈታም አለኝ ምን ይሻላል?

ዝገት ጠላት፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብብ።

አቤል፦ የኔም ዝጓል፣ ምን ላድርግ?

ዝገት ጠላት፦ የቱ ጋ? ምን ያህል? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም ወንድሜ። ትንሽ መዶሻ ያዝና ፓራውልቱን፣ እሱን ከሻንሲው የሚያይዘውን ብራኬት፣ የሻንሲውን ጫፍ ተራ በተራ ቀስ ብለህ ምታ። ደህና ብረት ይጮሃል፣ የተበላ ዱብ ይላል። ከዛ ንገረኝ።

ፍቅርተ፦ አየሁት። ጀርባው በሦስት ቦታ ቀዳዳ ነው፣ ጣቴ ገባ።

ዝገት ጠላት፦ በቃ ስፕሬዩን ተዪው፣ ቀይሪው።

አቤል፦ መታሁት ጋሼ። ሻንሲው ይጮሃል፣ የግራ ብራኬቱ ዱብ አለ፣ ፓራውልቱ ጥጉ ተሰበረ።

ዝገት ጠላት፦ እንዲህ ንገረኝ እንጂ። ሻንሲው ከጮኸ እግዜር ይመስገን፣ ፓራውልትና ሁለቱንም ብራኬት ቀይር፣ ቀኙም እድሜው ያው ነው። አዲሱን ሳትሰቅለው መሬት ላይ እያለ ጀርባውን ቀባ፣ ከተሰቀለ እጅህ አይገባም። ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገባና ከካሶኑ ጋር ያለውን ክፍተት በሁለቱም ጎን አስተካክል፣ ከዛ አጥብቅ፣ ጥቂት ቀን ከነዳህ በኋላ ደግመህ እያቸው።