«ጎርባቾቭ» ወይስ «ገርባቾፍ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሩሲያኛ እየተማርኩ ነው። «ወተት» የሚለውን ቃል በሦስት «ኦ» ይጽፉታል፤ ሲናገሩት ግን «መላኮ» ነው የምሰማው። የሩሲያ ስሞችን በአማርኛ ስጽፍ ፊደሉን ልከተል ወይስ ጆሮዬን?

መልስ፦ ጆሮዎ በትክክል ሰምቷል። የሩሲያኛ «ኦ» ሙሉ ድምፁን የሚያወጣው ድምፅ ጠንከር ብሎ ሲያርፍበት ብቻ ነው። ከዚያ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ሲገኝ ወደ «ኣ» ይጠጋል፤ ራቅ ሲል ደግሞ ይደክምና የእኛን ግእዝ ይመስላል። መ፣ ላ፣ ኮ፤ ሦስቱም በተርታ አሉ። ፊደላችን ይህን ያለ አንዳች ተጨማሪ ምልክት መያዙ ሁሌም ደስ ይለኛል። በአማርኛ አናባቢ እንዲህ አይደክምም፤ «ቶሎ» ስንል ሁለቱም «ኦ» እኩል ይሰማሉ።

እንግሊዝኛም አናባቢ ያደክማል፤ «አሜሪካ» የምንለውን እነሱ «ኧሜሪከ» ይሉታል። የባሰው ችግር ግን ሌላ ነው። እኛ 7 አናባቢ አለን፤ የብሪታንያ እንግሊዝኛ 20 ገደማ ድምፅ በ5 የአናባቢ ፊደል ያስተናግዳል። በእንግሊዝኛ «መርከብ» እና «በግ» የሚባሉትን ቃላት በእኛ ፊደል ብንጽፍ ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ። የበጉ ረዘም ይላል፣ ምላስም ከፍ ይላል፤ የመርከቡ አጠር ላላ ብሎ በ«ኢ» እና በ«እ» መካከል ይወድቃል። ለዚህ መካከለኛ ድምፅ ፊደል የለንም። ሩሲያኛ እዚህ ላይ ይቀለናል፦ «መምታት» «ቢት» ነው፣ «መሆን» ደግሞ ሳድሱ በደንብ እየተሰማ «ብት»።

ወደ ስሞቹ ስንመለስ፣ እኔ ፊደሉን ይከተሉ እላለሁ። ምክንያቱም «ኦ» ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። «ውሃ» በነጠላ «ቫዳ» ነው፤ ሲበዛ ጥንካሬው ወደ ፊተኛው ክፍል ይዛወርና የተደበቀው «ኦ» «ቮ» ብሎ ይወጣል። ሩሲያውያን በጽሕፈት የሚጠብቁት ይህን ዝምድና ነው። ጎረቤቱ ቤላሩስኛ ሌላ መንገድ መርጧል፤ «ቫዳ»ን እንደሚሰማው በ«ኣ» ይጽፈዋል። ስለዚህ የመጨረሻው የሶቪየት መሪ ስም ሲነገር «ገርባቾፍ» ቢመስልም «ጎርባቾቭ» ብለን መጻፋችን ልክ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ቭ»ም «ፍ» የሚመስለው በአነጋገር ብቻ ነው። ለአነጋገር ልምምድ በያዙት ደብተር ላይ ግን ያለ ስጋት «መላኮ» ብለው ይጻፉ።