ስፖኪዮዬን ለሦስተኛ ጊዜ ልግዛ?
(የአንባቢ ጥያቄ፣ የኛ መልስ)

በዚህ ወር ከደረሱን መልእክቶች አብዛኛው ስለ መኪና ሌባ ነው፣ ስለዚህ የቀረውን ለሚቀጥለው እትም አሳድረን ዛሬ ይሄንኑ እናውራበት። ስም አንጠቅስም፣ የሰፈር ሰው ይስቅባችኋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ደሴ ነው የምኖረው፣ ቪትዝ ነው የምነዳው። ስራዬ ፒያሳ አካባቢ ስለሆነ መኪናዋን መንገድ ዳር ነው የማቆማት። ዘንድሮ ብቻ ስፖኪዮ ሁለቴ ተነቀለብኝ። አላርም አስገጥሜ ነበር፣ ሲጮህ ግን ዞር ብሎ የሚያይ ሰው የለም። ጓደኞቼ "ሂድና ያገለገለ እቃ የሚሸጡት ጋ ፈልገው፣ የራስህን በግማሽ ዋጋ ታገኘዋለህ" ይሉኛል። ልግዛ ወይስ ምን ላርግ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ግን እዛ ሄደህ እንዳትገዛ። አንደኛ፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቅህ ከገዛህ አንተም በህግ ትጠየቃለህ፣ "የራሴ ነው" ማለት ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ስፖኪዮ የሚነቀለው እኮ ገዢ ስላለው ነው፣ ነገ የሚነቅልልህ ልጅ ዛሬ በከፈልከው ብር ነው ምሳውን የሚበላው። ይሄን ስል ሰው ይቆጣኛል፣ "አዲሱ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ ወይ" ይለኛል፣ አውቃለሁ፣ ውድ ነው፣ ቢሆንም ያው ነው።

አሁን ወደሚሰራው ነገር እንሂድ። አዲሱን ከመግጠምህ በፊት መስታወቱ ላይ ቁጥር አስቀርጽበት። ብዙ ሰው የታርጋ ቁጥር ነው የሚያስጽፈው፣ እኔ ግን የሻንሲ ቁጥሩን መጨረሻ ብታስጽፍ እመርጣለሁ፣ ታርጋ ሊቀየር ይችላል ሻንሲ ግን ከመኪናዋ ጋር ነው የሚኖረው፣ ሊብሬህ ላይም ስላለ የኔ ነው ለማለት ማስረጃህ እሱ ይሆናል። ቁጥሩ በትልቁ ይቀረጽ፣ ለማየት ባያምርም ሻጩ ፍቆ ማጥፋት ያቅተዋል፣ ሌባውም ያን አይቶ ወደሚቀጥለው መኪና ያልፋል (ለሚቀጥለው መኪና ባለቤት አዝናለሁ፣ እሱም ያስቀርጽ)። የጎንና የኋላ መስታወቶቹንም አብረህ አስቀርጻቸው። ከዛ የምታምነው ጋራዥ ሄደህ ስፖኪዮው ከበሩ ጋር በደንብ እንዲታሰር አድርግ። ፈጽሞ አይነቀልም የሚልህ ካለ ዋሽቶሃል፣ ግን በአንድ ጉተታ የሚወጣ እቃና መፍቻ አምጥቶ ሦስት አራት ደቂቃ የሚያስለፋ እቃ ለሌባ አንድ አይደሉም። ሌባ ጠብ አይፈልግም፣ የሚፈልገው አጭር ጊዜ ነው፣ አንተ ማድረግ ያለብህ ያቺን ጊዜ ማስረዘም ነው።

አላርሙን በተመለከተ ልክ ነህ፣ ድመት ኮፈኑ ላይ ስትወጣ ሁሉ የሚጮህ አላርም ሰፈሩን አለማምዶታል። አውልቀው አልልህም፣ ስሜቱን ግን ኤሌትሪሺያን ይቀንስልህ፣ ሲጮህ የእውነት መሆኑን ሰው እንዲያምን። ከአላርም ይልቅ የምትቆምበት ቦታ ይበልጣል፣ በሁለት ትላልቅ መኪና መሀል አትግባ፣ እዛ ውስጥ ተቀምጦ የሚነቅል ሰው ከመንገድ አይታይም። ሱቅ ፊት ለፊት፣ ባለሱቁ ቁጭ ብሎ በሚያይበት በኩል አቁም፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም በለው፣ ከሱ ሻይ ቅጠልም ቢሆን ግዛ። በክረምት ደግሞ የደሴን ነገር ታውቀዋለህ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ከአስር ሜትር በላይ አይታይም፣ ያን ሰሞን ብር ከፍለህም ቢሆን አጥር ያለው ግቢ ውስጥ አስገባት።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የባንክ ሰራተኛ ነኝ። ምሳ ልበላ አንድ ሆቴል ግቢ አቁሜ በሪሞት ቆልፌ ገባሁ። ስመለስ ላፕቶፔና ቦርሳዬ የሉም፣ በሩም መስታወቱም ምንም አልሆነም። ጥበቃው "ሳትቆልፊ ነው የሄድሽው" ብሎ ድርቅ አለ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ "ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም" የሚል አለ። ሪሞት ይከዳል እንዴ?

መልስ፦ ይከዳል እህቴ፣ ያበድሽ መስሎሽ ከነበረ አላበድሽም። ሪሞቱ ወደ መኪናው የሚልከው የሬዲዮ ምልክት ነው፣ በዛው ሰዓት አጠገብሽ ያለ ሰው በዛው ሞገድ የሚረብሽ መሳሪያ ከከፈተ ምልክቱ አይደርስም፣ አንቺ ተጭነሽ ጀርባሽን ሰጥተሽ ትሄጃለሽ መኪናው ግን ክፍት ነው። አንቺን የገጠመሽ የግድ ይሄ ነው ማለት አልችልም፣ የሪሞት ባትሪ ደክሞም ይሆናል፣ ወይ ጥበቃው እንዳለውም ሊሆን ይችላል። ለሁሉም መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ስትቆልፊ ፍሬቻው ብልጭ ማለቱን እዪ፣ የመቆለፊያውን ቀጭ ስሚ፣ ከዛ እጀታውን በእጅሽ ሳቢው። ሳብ ሳታደርጊ አትሂጂ። ሪሞቱ እምቢ ካለሽ በቁልፉ ራሱ ቆልፊው፣ እሱን የሚረብሽ ሞገድ የለም።

ላፕቶፑን ደግሞ ኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ብትከቺ ይሻላል፣ ግን ከቢሮ ስትነሺ እንጂ ሆቴሉ ግቢ ደርሰሽ አይደለም። ግቢ ውስጥ ቆመሽ የኋላውን ከፍተሽ ቦርሳ ስትደብቂ የሚያይሽ ሰው የት እንዳለ ነገርሽው ማለት ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ ደግሞ መስኮት ገርበብ አድርጎ የመሄድ ልማድ አለ፣ ባቲም ከሚሴም ያው ነው፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሽቦም ያስገባል።

ስለ ማስታወቂያው፣ እንደዛ ስለለጠፉ ብቻ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አደራ ስለተቀበለ ሰው ግዴታ ይናገራል፣ ጥያቄው መኪናሽን ተረክበውሻል ወይስ ቦታ ብቻ ነው የሰጡሽ የሚለው ነው። ቁልፍ ወስደው ወይም ካርድ ቆርጠው ከሆነ ነገሩ ወዳንቺ ያደላል፣ ዝም ብለሽ ገብተሽ አቁመሽ ከሆነ ይከብድሻል። ጠበቃ አማክሪ፣ ከዛ በፊት ግን ቶሎ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ አስመዝግቢ፣ የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ካሜራ ካላቸውም ሳይጠፋ ፖሊስ እንዲያየው ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሲኖ ትራክ አለኝ፣ ሀርቡ ነው ያለሁት፣ በጅቡቲ መስመር ይሰራሉ። ሹፌሮቼ ኮምቦልቻ ሲያድሩ "ናፍጣ ተቀዳብን" ይሉኛል፣ አንዴም ባትሪ ሄደ። እውነት ሌባ ነው ወይስ ልጆቹ ናቸው? ሰው መጠርጠር አልወድም።

መልስ፦ አባቴ፣ መጠርጠር አለመውደድዎ ደግ ነው፣ ግን መለካት መጠርጠር አይደለም። የሲኖ ታንከር 300ም 400ም ሊትር የሚይዝ ስለሆነ ሃያ ሊትር ቢጎድል በጌጁ አይታወቅም። ሹፌሩ ከመተኛቱ በፊት ኪሎ ሜትሩንና የናፍጣውን ልክ በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ፣ ጠዋት ሳይነሳ እንደገና ይላክ። ልኩን በጌጅ ብቻ አይመኑ፣ ምልክት ያለው ዘንግ ታንከሩ ውስጥ ነክሮ ቢያሳይ ይሻላል። ይሄን የሚያደርጉት ለሁለቱም ሹፌሮች ባንድ ቀን፣ "ለልጆቹም ለራሳቸው ስም ጥሩ ነው" ብለው ከሆነ ማንም አይከፋውም። የጎደለው ሌሊት ላይ ከሆነ ሌባ ወይም የሌሊት ጥበቃው ሊሆን ይችላል፣ መንገድ ላይ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው።

ለሌባው ግን፦ የታንከሩ ክዳን ቁልፍ ያለው ይሁን፣ አፉ ውስጥ ደግሞ ቱቦ እንዳይገባ ወንፊት ያስገጥሙ፣ ቁልፉን የሚሰብር ሰው ወንፊቱ ጋ ይቆማል። ሁለቱ መኪኖች አብረው ካደሩ ታንከር ለታንከር ተጠጋግተው ይቁሙ፣ ብቻውን ከሆነ ታንከሩን ወደ ግንብ። ኮንቴነር የጫነ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ከግንቡ ወይም ከሌላው መኪና ጀርባ ጋር አጣብቆ ያቁም፣ በሩ የሚከፈትበት ቦታ እንዳይኖር። ባትሪው ውጪ ሻንሲው ላይ ስለሆነ ነው የሚቀለው፣ ሲኖ በ24 ቮልት ስለሚሰራ ሁለት ባትሪ ነው ያለው፣ ለሌባ ሁለት ሽያጭ ማለት ነው። በያጅ ጋ ወስደው የብረት ማቀፊያ በጓንጉል ቁልፍ ያሰሩለት፣ ጓንጉሉ እንዳይቆረጥ ዙሪያው በላሜራ ይከለል።

ረዳቱም ጋቢና ውስጥ ይተኛ፣ ግን የአልጋና የእራት ይከፈለው፣ ሳይከፈለው የሚጠብቅ ሰው እንቅልፉን ነው የሚጠብቀው።

ጥያቄ፦ ወልድያ ባጃጅ እሰራለሁ። ማታ ግቢ የለኝም ደጅ ነው የማሳድረው። ጂፒኤስ ልግጠም? ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለኝ።

መልስ፦ ሦስተኛ ወገን ለስርቆት አንድ ሳንቲም አይከፍልህም ወንድሜ። በአዋጅ አስገዳጅ የሆነው አንተ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው፣ ስርቆት የሚሸፈነው ሙሉ ኢንሹራንስ ስትገባ ነው፣ እሱንም ውሉን አንብበው፣ የተነጠለ እቃ የማይሸፍን አለ። ጂፒኤስ ጥሩ ነው ግን ውስጡ ያለው ሲም ሂሳብ ከሌለው ወይም ኔትወርክ ከሌለ ዝም ይላል፣ የት እንዳለ ይነግርሃል እንጂ ከመሄድ አያስቀረውም። መጀመሪያ ርካሹን አድርግ፦ መሪውን ጠምዝዘህ ቆልፍ፣ የኋላ ጎማውን በወፍራም ሰንሰለት ከማይነቀል ነገር ጋር እሰር፣ ኤሌትሪሺያን ደግሞ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ ድብቅ ማጥፊያ ይስራልህ። የት እንደተሰራ ለማንም አትናገር፣ ለተካህ ሹፌርም ቢሆን ስትለያዩ ቦታውን አስቀይር።

ጥያቄ፦ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም በዶልፊን እንሄዳለን፣ መኪናው ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። እንዴት እናርግ?

መልስ፦ ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሚሄዱትም ይሄንኑ ጠይቀውናል፣ መልሱ ለሁለታችሁም ነው። ከአንድ ሰፈር የሄዳችሁ መኪኖች ተጠጋግታችሁ ቁሙ፣ በየተራ ሁለት ሁለት ሰው እየጠበቀ ይደር፣ አንድ ብቻውን ያለ ሰው ቁር ሲመታው ይተኛል። ስልክና ብር ከሰው ጋር ይሂድ፣ መኪና ውስጥ የሚቀረው ስንቅና ብርድ ልብስ ብቻ ይሁን። ማታ የባትሪውን አንድ ገመድ ፍቱት፣ ስኮርታውን ወደ ውስጥ አስገቡት። አንድ ሰው መጥቶ "ጎማችሁ ተንፍሷል" ቢላችሁ ሹፌሩ ቁልፉን ነቅሎ በሩን ቆልፎ ይውረድ፣ አንዱ ጎማ ሲያሳይ ሌላው በዛኛው በር ነው የሚገባው። ቁልፉን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው፣ "እዚህ ጋ አስጠግቼ ላቁምልህ" ለሚል ለማታውቁት ልጅ አይሰጥም።