ከደህናው እግር ደም ሥር ለምን ተወሰደ?

ጥያቄ፦ በገላን ልብስ ሰፊ ነኝ። ታናሽ ወንድሜን ከአራት ወር በፊት ሲኖትራክ ገጭቶት የግራ ቅልጥሙ ተሰብሮ አጥንቱ ተጋልጦ ነበር። ሐኪሞቹ ከቀኝ ጭኑ ሥጋ ከነቆዳው አንሥተው ቁስሉን ሸፈኑለት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሩ ተርፏል። ነገር ግን በቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች፣ በውስጥ በኩል፣ ሌላ ረጅም ጠባሳ አለ። ስንጠይቅ «ደም ሥሩ ስላጠረን ከዚያ ወስደን ቀጠልን» ተባልን። ዶክተር፣ ደህናውን እግር መንካት ግድ ነበር? ደም ሥርስ እንደ ጨርቅ ይቀጠላል?

መልስ፦ ከጭን የተነሣው ሥጋ እንደ እራፊ ተለጥፎ የሚቀር አይደለም። ደም የሚያመጣለት ደም ቅዳ እና ደሙን የሚመልስለት ደም መልስ አብረውት ይነሣሉ፤ እነዚህ በተጎዳው እግር ካሉት ደም ሥሮች ጋር ካልተሰፉ ሥጋው ይሞታል። አስቸጋሪው የት እንደሚሰፉ መወሰኑ ነው። ከባድ መኪና የመታው እግር ጉዳቱ ለዓይን ከሚታየው ቁስል አልፎ ይሄዳል፤ በአቅራቢያው ያሉት ደም ሥሮች ከውጭ ደህና ቢመስሉም የውስጥ ግድግዳቸው ተልጦ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያ ላይ ቢሰፋ ደሙ ይረጋል። ስለዚህ ሐኪሙ ከቁስሉ ርቆ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ጉልበት ከፍ ብሎ፣ ሲከፍተው ደም በኃይል የሚፈነጥቅ ደም ቅዳ ይፈልጋል። እዚያ ሲደርስ የሥጋው ደም ሥር ያጥርበታል። ጎትቶ ማገናኘት አይበጅም፤ ጠቦ የተሰፋ ቀሚስ የቱ ጋ እንደሚተረተር ለእርስዎ አልነግርዎትም። አንድ ስፌት ተጨምሮም ቢሆን መቀጠል ይሻላል።

መቀጠያው ከቁርጭምጭሚት ውስጣዊ ጎን ተነሥቶ እስከ ብሽሽት ከቆዳ ሥር የሚወጣው ረጅሙ ደም መልስ ነው። በውስጡ ደሙን ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፉ ክዳኖች ስላሉት በደም ቅዳ ምትክ ሲገባ ተገልብጦ ይሰፋል፤ ካልተገለበጠ ክዳኖቹ መንገዱን ይዘጉታል። አንዳንድ ጊዜም በመጀመሪያ አንዱ ጫፉ ከደም ቅዳው፣ ሌላው ከደም መልሱ ጋር እንደ ቀለበት ይገጠምና ደሙ ያለችግር መሮጡ ከታየ በኋላ መሐሉ ተቆርጦ ሁለቱ ቁራጮች ለሥጋው መግቢያና መውጫ ይሆናሉ። ወደ እግር መዳፍ ደም የሚያደርሰው አንድ ደም ቅዳ ብቻ ተርፎ ከሆነ ደግሞ እርሱ አይቆረጥም፤ ጎኑ ተበስቶ አዲሱ በዚያ በኩል ይሰፋበታል።

ስፌቱን በተመለከተ፣ ወፍራምነቱ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ዙሪያ፣ በማይክሮስኮፕ እየታየ፣ ከሰው ፀጉር በቀጠነ የናይለን ክር 8 ወይም 10 ያህል ጥልፍ ይጣላል። እርስዎ የጨርቁን ጥሬ ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈው ይደብቃሉ፤ እዚህ ግን ጠርዙ ወደ ውጭ ይወጣና ገበር ከገበር ይገጥማል፤ ከውጨኛው ሽፋን ቅንጣት እንኳ ወደ ውስጥ ከገባች ደም ያረጋልና። ይህን ጥበብ ያዳበረው ፈረንሳዊው አሌክሲስ ካሬል ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በሊዮን ከተማ በጩቤ ተወግተው፣ የተቆረጠውን ደም ሥር የሚሰፋ ጠፍቶ ሲሞቱ ካሬል በዚያው ከተማ የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ቀጭን መርፌ መያዝን የተማረውም ከሊዮን ጥልፍ ሠሪ ሴት ነው። ክቡን አፍ በሦስት ማያዣ ክሮች ወጥሮ ሦስት ማዕዘን በማድረግ የፊቱን ሲሰፉ የኋላው ግድግዳ እንዳይያዝ የሚያደርገውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1902 አሳተመ፤ በ1912 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሙያዎ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለወንድምዎ ቀኝ እግር አይስጉ። የእግርን ደም በአብዛኛው የሚመልሱት በጡንቻዎች መሐል ያሉት ጥልቅ ደም መልሶች ናቸው። በጠባሳው ዙሪያ እስከ ቁርጭምጭሚት ድንዛዜ ሊሰማው ይችላል፤ ቆዳውን የሚያገለግለው ነርቭ ከተወሰደው ደም መልስ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ነው። ባቱ በድንገት አብጦ ካመመው ግን ሳያድር ሐኪም ይየው።