የሚያሳክክ ራስ፦ ቂቤ፣ እሬት፣ ሎሚ እና የጄሪካን ውኃ

በጋው ደርቆ የግንባታው አቧራ ሲቦንን፣ ውኃውም በፈረቃ ሲሆን ስለ ራስ ማሳከክ የሚላክልን ጥያቄ ይበዛል። የዛሬዎቹ ሁሉ ከአዲስ አበባ ዙሪያ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ «ምን ልቀባ?» ይላሉ፤ የእኛ መልስ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እየተቀቡት ያለውን በማስቆም ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ራሴን በጣም ያሳክከኛል፣ ነጭ ነጭ ቅርፊትም ትከሻዬ ላይ ይረግፋል። እናቴ ለጋ ቂቤ ትቀባኛለች። ሁለት ቀን ጸጥ ይልልኛል፣ በሦስተኛው ቀን ከበፊቱ ብሶ ይነሣል። ቂቤው የቆየ ስለሆነ ይሆን?

መልስ፦ ዛሬ ጠዋት የተናጠ ቢሆንም ያው ነበር። የምትገልጪው ፎረፎር ይመስላል። በሁላችንም ራስ ላይ ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ይኖራል። የሚያስፈልገውን ስብ ራሱ መሥራት ስለማይችል ከራስ ቆዳ ወዝ ይወስዳል። ስቡን ሲሰባብር የሚተርፈው ኦሌይክ አሲድ በአንዳንድ ሰው ላይ ቆዳውን ያስቆጣል፤ ያኔ ቆዳው ያሳክካል፣ ጊዜው ሳይደርስም እየተላጠ ይረግፋል። ቂቤ ደግሞ ከአምስት እጁ አራቱ ስብ ነው፣ ያውም ይህ ፈንገስ የሚወደው ዓይነት። የወይራ ዘይትም ሆነ የወጥ ዘይት ከዚህ አይሻሉም። ሁለቱ ቀን ጸጥ ያለልሽ ቂቤው ቅርፊቱን አርሶ ከቆዳው ጋር ስላጣበቀው ነው። ቅርፊቱ አልጠፋም፣ ተደበቀ እንጂ። በሦስተኛው ቀን ፈንገሱ ድግሱን በልቶ ጨርሷል።

ስለዚህ ለአራት ሳምንት ከራስ ቆዳሽ ላይ ማንኛውም የምግብ ቅባት ይነሣ። እናትሽ ቅር እንዳይላቸው ቂቤውን ከጸጉርሽ ወገብ ወደ ጫፉ ብቻ ይቀቡሽ፤ ጸጉሩን አይጎዳውም። ከፋርማሲ ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ሻምፖ ግዢና በሳምንት ሁለት ጊዜ ታጠቢበት፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት። ጸጉርሽ ከርዳዳና ደረቅ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜም ይሠራል፣ መሻሉ ብቻ ይዘገያል።

«ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚሉን ሰዎች ሦስት ነገር ያጠፋሉ። አንደኛ፣ አረፋውን ወዲያው ያለቀልቁታል፤ መድኃኒቱ ግን ቆዳው ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መቆየት አለበት። በስልክ ሰዓት ይያዝ፣ በግምት አምስት ደቂቃ የሚመስለው አንድ ተኩል ነው። ሁለተኛ፣ ጸጉሩን እንጂ ቆዳውን አያጥቡም። ጸጉርሽን በጣት እየከፈልሽ በመስመር መስመሩ ቆዳው ላይ አድርጊው፤ ለጸጉሩ ርዝመት ኮንዲሽነር ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ ሲሻላቸው ያቆማሉ። ፈንገሱ የራስ ነዋሪ ስለሆነ ይመለሳል፤ ከዳነ በኋላም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መታጠቡ ይቀጥል።

ቅርፊቱ ወፍሮ ሻምፖ የማያሳልፍ ከሆነ ከመታጠብሽ አንድ ሰዓት በፊት ፈሳሽ ፓራፊን ወይም ቫዝሊን ቀቢበት። እነዚህ ከነዳጅ የሚወጡ ቅባቶች ስለሆኑ ፈንገሱ አይበላቸውም። ሲለሰልስ በጣትሽ ጫፍ አሽተሽ አንሺው እንጂ በሚዶ አትፋቂው። አራት ሳምንት ሞልቶ ካልተሻለ፣ ወይም ቅርፊቱ ብርማ ሆኖ ወደ ግንባር ከወጣና ክርንሽና ጉልበትሽ ላይም ካለ ሶራይሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ውኃ የሚመጣልን በሳምንት አንዴ ነው። አንድ ጄሪካን ለሁሉም ነገር መብቃት አለበት። ራሴን ሳልታጠብ ስቆይ ያሳክከኛል፣ ስታጠብ ደግሞ ነጭ ነገር ይቀራል።

መልስ፦ ለራስ ሰባት ሊትር ይበቃል፣ ከ20 ሊትሩ የሚተርፈው ለሌላው ይሆናል። ውኃ ሳይነካው በፊት ጸጉሩን አበጥሪ። ሁለት ሊትር ለብ ያለ ውኃ በጆግ እያፈሰስሽ አርሺው። ሻምፖውን በቀጥታ አታፍስሺ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ በጣት ጫፍ ቆዳው ላይ አዳርሺው። እንዲህ ሲሆን ሻምፖውም ማለቅለቂያ ውኃውም ይቆጠባል። በሁለት ሊትር አለቅልቂ፣ በትንሹ ድገሚና በሌላ ሁለት ሊትር ጨርሺ። ለመጨረሻው አንድ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምረሽ አፍስሺበት። የቆሰለ ወይም የተቧጨረ ቦታ ካለ ግን አቼቶው ይቅር፣ ያቃጥላል።

ነጩ ነገር ፎረፎር ላይሆን ይችላል። በደረቅ ሳሙና የምትታጠቢ ከሆነና ውኃው ከጉድጓድ የሚመጣ ከሆነ፣ በውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ከሳሙናው ጋር ተያይዞ የማይለቀቅ ዝቃጭ ይሠራል። መለየቱ ቀላል ነው። ግማሽ የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ላይ ጥቂት የሳሙና ፍርፋሪ ጨምረሽ አጥብቀሽ ነቅንቂው። አረፋው ከበዛና ከታች ያለው ውኃ ከጠራ ችግሩ ውኃው አይደለም። አረፋው አንሶ ውኃው እንደ አጓት ከደፈረሰ ግን ሳሙናውን ትተሽ ሻምፖ ያዢ። ክረምት ሲገባ የቆርቆሮ ውኃ ከዚህ ሁሉ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ ያለውን ነው መያዝ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ለማሳከክ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አንድ ላይ ወቅጬ ተቀባሁና ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቀን አናቴና ግንባሬ ቀልቶ ውኃ ቋጠረ። ምን ላድርግበት?

መልስ፦ ሦስቱም ጓዳ ውስጥ የተከበሩ ናቸው፣ የተቆጣ ቆዳ ላይ ግን ሦስቱም ያቃጥላሉ። ሎሚና ጤና አዳም ፀሐይ ሲነካቸው ቆዳን የሚያቃጥል ፉሮኩማሪን የሚባል ነገር አላቸው። የሚያቃጥለውም ወዲያው አይደለም፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ነው መቅላቱና መቋጠሩ የሚወጣው። እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ፀሐያችን ብርድ ስለሚቀላቀልበት ደካማ ይመስላል እንጂ ጠንካራ ነው። ነጭ ሽንኩርት ያለ ፀሐይም ቆዳ ይልጣል።

ቅሪቱን በብዙ ቀዝቃዛ ውኃና በትንሽ ሻምፖ አጥበው ያስወግዱ። የቋጠረውን አያፍርጡ። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው 10 ደቂቃ ያሳርፉበት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ከዚያ ስስ ቫዝሊን ይበቃል፤ ቡና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቂቤ አያስፈልግም። ሲወጡ ኮፍያ ያድርጉ። ቦታው ከዳነ በኋላ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል፤ ያንን ለማስለቀቅ ተብሎ ሌላ ሎሚ እንዳይደገምበት። የቋጠረው ከሰፋ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይም ዐይን ከነካ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከሰበታ በኩል ለሚመጣ ሰው የቆዳ ሕክምና የሚሰጠው አለርት ሆስፒታል መንገዱ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ግቢያችን ውስጥ እሬት አለ። እንዴት አዘጋጅቼ ልቀባው? ባለፈው ቆርጬ እንደወጣ ብቀባው ይበልጥ አሳከከኝ።

መልስ፦ ያሳከከሽ ቢጫው ፈሳሽ ነው። ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ይህ መራራ ፈሳሽ አሎይን የሚባል ነገር ያለበት ሲሆን ቆዳን ያስቆጣል። የሚፈለገው መሀል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ እሬት መሆኑን አረጋግጪ። ሲቆረጥ ወተት የሚመስል የሚያወጣው ቁልቋል ነው፤ ዐይን ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፣ አጠገቡ አትድረሺ። ሲሰነጠቅ ዝልግልግ ሳይሆን ጠንካራ ክር የሚወጣው ቃጫ ነው፣ እሱም ያሳክካል።

ከሥር ካሉት ወፍራም ቅጠሎች አንዱን ከግንዱ አጠገብ ቁረጪ። የተቆረጠውን ወደ ታች አድርገሽ ብርጭቆ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አቁሚው፣ ቢጫው ይንጠባጠባል። እጠቢው፣ እሾሃማ ጠርዙን በቢላ አንሺ፣ ልጣጩን ላጪ። ዝልግልጉን ልጣጩ ድረስ አትፋቂው፤ ቢጫው ተመልሶ የሚገባው እዚያ ጋ ነው። ያወጣሽውን አንድ ጊዜ በውኃ አለቅልቂና በሹካ አድቅቀሽ በስስ ነጠላ አጥልዪው። መጀመሪያ ከክርንሽ ውስጥ በኩል ትንሽ ቀብተሽ እስከ ነገ ጠብቂ። ምንም ካላለሽ በታጠበ ራስ ላይ፣ ቆዳው ላይ ብቻ፣ 30 ደቂቃ አቆይተሽ ታጠቢው፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ፍሪጅ ውስጥ ለሦስት ቀን ይቆያል፣ ከቀላ ወይም ከሸተተ ይደፋ።

የበረሃውና የኮረብታው እሬት ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ዝርያው ይለያያል፣ ስለዚህ ጎረቤት የተስማማት አንቺን ላይስማማሽ ይችላል። እሬቱ አልሆነሽም? ተልባ አለ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተልባ በሁለት የሻይ ብርጭቆ ውኃ፣ በመካከለኛ እሳት፣ እያማሰልሽ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ። እንደ እንቁላል ነጭ ሲንዘላዘል ወዲያው በትኩሱ አጥልዪው፤ ከቀዘቀዘ ከወንፊቱ አያልፍም። ቀዝቅዞ ሲቀባ ማሳከኩን ያበርዳል። ፎረፎርን ግን አይፈውስም፣ እሬቱም እንደዚያው።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ የሰባት ዓመት ልጄ ከጸጉር ቤት ከመጣ በኋላ ራሱ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ጸጉሩ ተመለጠ። ቆረቆር ነው ይላሉ። ነጭ ሽንኩርት እያሸሁበት ነው።

መልስ፦ ነጭ ሽንኩርቱን ዛሬ ያቁሙ። ቆረቆር ሥሩ ጸጉሩ ውስጥ የገባ ፈንገስ ስለሆነ ከላይ የሚቀባ ማንኛውም ነገር፣ የፋርማሲ ቅባትም ቢሆን፣ አይደርስበትም። ከላይ እየቆሰለ ከሥር ይቀጥላል። በተለይ ከየሱቁ የሚገዙት ቤታሜታዞን የሚባል መቅላት የሚያበርድ መድኃኒት ያለባቸው ቅባቶች መቅላቱን ደብቀው ፈንገሱን ያስፋፉታል።

ጸጉሩ ከቆዳው ጋር እኩል ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ የሚመስል ከሆነና ከማጅራቱ ንፍፊት ካለ ቆረቆር ለመሆኑ ትልቅ ምልክት ነው። ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሚዋጥ መድኃኒት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግሪሲዮፉልቪን፣ በክብደቱ ተሰልቶ ይታዘዝለታል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። መድኃኒቱ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን የተሻለ ይሠራል። ቂቤው ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፣ በአናቱ ሳይሆን በሆዱ። በሦስተኛው ሳምንት ጸጉር ማቆጥቆጥ ሲጀምር ያቋረጠ ሰው እንደገና ከሀ ይጀምራል። ኬቶኮናዞል ሻምፖው በሽታውን ባያድንም ወደ ሌላ ሰው መተላለፉን ስለሚቀንስ ልጁም እህት ወንድሞቹም በሳምንት ሁለቴ ይታጠቡበት። ኮፍያ፣ ማበጠሪያ፣ ፎጣ ለየብቻ ይሁን፤ ለጸጉር መቁረጫ የራሳችሁ ማሽን ቢኖር ይመረጣል። ቦታው አብጦ እንደ ስፖንጅ ከላላና መግል ካወጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ፣ ጠባሳ ትቶ ጸጉሩ እንዳይመለስ ያደርጋል።

ጥያቄ (ከገላን)፦ በዊግ ሹሩባ ስሠራ ሳምንቱን ሙሉ ያመኛል፣ ግንባሬ ዳርም ጥቃቅን ሽፍታ ይወጣል።

መልስ፦ ሽፍታውና ሕመሙ ጸጉሩ ከሥሩ እየተሳበ መሆኑን ይናገራሉ። «ይለምድሻል» የሚለውን አትቀበዪ፤ ዳርዳሩ ጸጉር ሲሳሳ መጀመሪያ የሚያሳየው ይህን ነው፣ ከቆየም አይመለስም። የዳሩ ጉንጉን ይፈታ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወፈር ብሎና ላላ ብሎ ይሠራ፣ ከስድስት ሳምንት በላይም አይቆይ። ማሳከኩ ብቻ ከሆነና ሕመም ከሌለው ጥፋቱ የዊጉ ቅብ ሊሆን ስለሚችል ከመሠራቱ በፊት በውኃና በትንሽ ሻምፖ ታጥቦ ይድረቅ።

ጥያቄ (ከቃሊቲ)፦ ሽበቴን ጥቁር ቀለም ከተቀባሁ ወዲህ ራሴ እያሳከከኝ ነው፣ ዛሬ ደግሞ የዐይኔ ቆብ አብጧል።

መልስ፦ ለቀለሙ አለርጂ ሆነዋል፣ ምናልባትም ፒፒዲ ለሚባለው የጥቁር ቀለም ንጥረ ነገር። ራስዎን ደጋግመው ይታጠቡና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይታዩ፤ መተንፈስ ካስቸገረዎት ድንገተኛ ነው። ይህንን ቀለም ዳግመኛ እንዳይነኩት፣ ቀጣዩ ከዚህ ይብሳል። በጣም ጥቁር የሚያደርገው «ሂና» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ስላለበት አማራጭ አይሆንም።

ጥያቄ (ከየካ አባዶ)፦ ማር ለፎረፎር ይሆናል ሲባል እውነት ነው?

መልስ፦ ትንሽ እውነት አለው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ በ30 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ዘጠኝ እጅ ጥሬ ማር በአንድ እጅ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ፣ በየሁለት ቀኑ ሁለት ሦስት ደቂቃ አሽቶ፣ ሦስት ሰዓት አቆይቶ በማጠብ ማሳከኩና ቅርፊቱ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥናቱ ጥቂት ሰው ነው የያዘው፣ ማሩም ስኳር ያልተቀላቀለበት መሆን አለበት፤ ያን ያህል ንጹሕ ማር ያለው ሰው ደግሞ ቢበላው እንመርጣለን። ከሞከሩ ራስዎን በፌስታል ሸፍነው ቤት ውስጥ ይቀመጡ፣ ንቡና ዝንቡ አያስቀምጥዎትም።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ሁለቱ ሴት ልጆቼ ከትምህርት ቤት ቅማል ይዘው መጡ። ነጭ ጋዝ ልቀባቸው ነው።

መልስ፦ እንዳታደርጊው። ነጭ ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ትነቱም ሳንባ ይጎዳል፣ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ ደግሞ ልጅ ያነድዳል። ለነቀዝ የሚነሰነሰው ዱቄትም እንዲሁ መርዝ ነው። ከፋርማሲ ፐርሜትሪን 1 በመቶ ይገዛል፤ በታጠበና በፎጣ በደረቀ ጸጉር ላይ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል፣ ቅጫሙ ስለሚፈለፈል በዘጠነኛው ቀን ይደገማል። መድኃኒት ከሌለ ጸጉሩን በኮንዲሽነር አርሰሽ ጥርሱ በጣም በጠበበ ማበጠሪያ ከቆዳው ጀምረሽ እስከ ጫፍ አበጥሪ፣ እያንዳንዱን ጉዞ ነጭ ጨርቅ ላይ እየጠረግሽ። ይህንን በየሦስት ቀኑ ለሁለት ሳምንት። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሳይታይ ከቀረ ግን ቅማሉ ከእሱ ይመለሳል፤ ስለዚህ አባትየውም ራሱን ያስፈትሽ።