የሰፈራችን ላይብረሪ ለአዋቂዎች ምን አለው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከአሜሪካ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ስለ ሕዝብ ላይብረሪዎች ነው። ሕጉና አሠራሩ ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። ስለዚህ የራሳችሁን ቅርንጫፍ መጠየቅ ያለባችሁ ነገር ሲኖር በየመልሱ ውስጥ አመልክተናል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። ላይብረሪ ውስጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ ብለውኝ ብሄድ አንድ ሰዓት ሙሉ ስናወራ ብቻ ቆየን። መጽሐፍ የለ፣ ፈተና የለ። ትምህርቱ ይኸው ነው? ካርድ ለማውጣትስ ምን ይጠይቁኛል? የምኖረው ዘመዶቼ ቤት ነው።
*ከሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ፦ የገቡት የንግግር ልምምድ ቡድን ውስጥ ነው። ሲያትል ላይ «ቶክ ታይም» ይሉታል፣ ሌላ ቦታ «ኮንቨርሴሽን ክለብ» ወይም «ሰርክል» ይባላል። የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ነው። በመጡበት ቀን ይገባሉ፣ ቢቀሩ የሚጠይቅዎ የለም፣ ሰርተፍኬትም የለውም። መደበኛው ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይም የጎልማሶች ትምህርት ድርጅት ሲሆን ላይብረሪው ክፍሉን ብቻ ይሰጣል። ምዝገባ፣ የደረጃ መለያ ፈተና፣ የሚጀምርበት የተወሰነ ቀን እና የተጠባባቂ ዝርዝር አለው።

በላይብረሪው ካላንደር ላይ ሁለቱን የሚለዩባቸው ቃላት አሉ። «ድሮፕ ኢን» ካለ ሳይመዘገቡ ይሂዱ። «ሬጂስትሬሽን ሪኳየርድ» ካለ በስልክ ወይም በድረ ገጹ ቦታ ሳይዙ አይሂዱ። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስኬዱ ይሻላል። ንግግር ብቻ የሚለማመድ ሰው አፉ ይፈታል እንጂ የሥራ ማመልከቻ መጻፍ ላይ ይቸገራል፤ ሰዋስው ብቻ የተማረ ደግሞ ስልክ ሲደወልለት ይጨነቃል።

በመለያ ፈተናው ላይ የሚያጠፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጎረቤትን እያዩ ወይም በስልክ እየተረጎሙ ይሠሩትና ከአቅማቸው በላይ የሆነ ክፍል ይመደባሉ። በሦስተኛው ሳምንት ትምህርቱ ሲከብዳቸው ይቀራሉ፣ ወንበሩም ለተጠባባቂ ይሰጣል። ያላወቁትን ባዶ ይተዉት።

ለካርዱ ፎቶ ያለው መታወቂያና አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት ይበቃል። መታወቂያው ላይ ያለው አድራሻ አሁን የሚኖሩበት ከሆነ ብዙ ቦታ እሱ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል ወይም የባንክ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ። ዘመድ ቤት ለሚኖር ሰው ቢል በስሙ ስለማይመጣ፣ ከባንክ ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በስሙ የተላከ ደብዳቤ ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። አብዛኞቹ ላይብረሪዎች ስለ ግሪን ካርድም ሆነ ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ አይጠይቁም። ፕሮግራም ላይ ለመገኘት ደግሞ ካርዱም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ስለዚህ ወረቀቱ እስኪሟላ ብለው ቤት አይቀመጡ።

ጥያቄ፦ እናቴ 66 ዓመቷ ነው፣ ግሪን ካርድ ካገኘች 21 ዓመት ሆናት። እንግሊዝኛ አትችልም። ላይብረሪው የዜግነት ፈተና መዘጋጃ ክፍል ቢኖረውም በእንግሊዝኛ ነው። ብትገባ ይጠቅማታል? ፈተናውም ተቀይሯል ይባላል።
*ከአሌክሳንድሪያ*

መልስ፦ እህታችን፣ እናትሽን ክፍል ከማስገባትሽ በፊት የትኛው ሕግ እንደሚመለከታቸው እዪ። የዜግነት ማመልከቻው፣ ማለትም ፎርም ኤን-400፣ በሚገባበት ቀን ዕድሜው 50 ሞልቶ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶ 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ነው። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎቹን በአማርኛ በአስተርጓሚ ይመልሳል። 65 ዓመት ለሞላውና 20 ዓመት በግሪን ካርድ ለኖረ ደግሞ ከዚህም ይቀላል፦ የሚያጠናው 20 ጥያቄ ብቻ ነው፣ ከነዚያ 10 ይጠየቃል፣ 6 ከመለሰ አለፈ። እናትሽ ያሉት እዚህ ውስጥ ነው።

ፈተናው መቀየሩ እውነት ነው። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ማመልከቻ ያስገባ ሰው የሚያጠናው 128 ጥያቄ ነው። እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት፤ 9 ከሳተ ወደቀ። ከዚያ ቀን በፊት ያስገባ በድሮው ነው የሚፈተነው፣ ማለትም ከ100 ጥያቄ 10 ተጠይቆ 6 መመለስ። የእናትሽም 20 ጥያቄዎች ከየትኛው ፈተና እንደሚወጡ የሚወስነው ያ ቀን ነው። ላይብረሪው መደርደሪያ ላይ ያሉት የዜግነት መጽሐፎችና ሲዲዎች ግን የድሮውን የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። የታተሙበትን ዓመት ሳታዪ ይዘሽ እንዳትወጪ።

ክፍሉ የሚያስተምረው ማንበብና መጻፍ ጭምር ስለሆነ እናትሽ በማይፈተኑበት ነገር ይደክማሉ። የሚጠቅማቸው የላይብረሪው ትንሽ የጥናት ክፍል ነው። በካርድሽ በነፃ ይያዛል፣ ብዙ ቦታ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይሰጣል። ሃያውን ጥያቄ በወፍራም ካርቶን ላይ በትልልቁ በአማርኛ ጻፊላቸው፣ መልሱ በጀርባ ይሁን። በቀን አምስት አምስት አጥኑና ካርዶቹን በውዢው። ይህን የምንልሽ፣ ትልልቅ ሰዎች እንደ ውዳሴ ማርያም በቅደም ተከተል ሸምድደው መርማሪው ከመሐል ሲጀምርባቸው ስለሚደናገሩ ነው። መልሱም በራሳቸው አነጋገር ይሁን። «የአሜሪካ የኢኮኖሚ ሥርዓት ምንድን ነው?» ተብለው «ነፃ ገበያ» ካሉ ይበቃል፣ «ካፒታሊዝም» ቢሉም ያው ነው። ሁለቱንም እንዲይዙ አታስጨንቂያቸው። እንደ ፕሬዚዳንቱ ስም ያሉ፣ በምርጫ የሚቀያየሩ መልሶችን ግን ቃለ መጠይቁ ባለበት ሳምንት ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አረጋግጪ። አስተርጓሚ ሆኖ የሚሄደውም ሰው ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ ይሁን፣ መታወቂያውን ይያዝ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። እናትሽ አገር ቤት ሄደው በአንድ ጉዞ ከስድስት ወር በላይ ቆይተው ከሆነ፣ ወይም በማንኛውም ምክንያት ታስረው የሚያውቁ ከሆነ፣ ኤን-400 ሳይሞላ በፊት ጠበቃ ይየው። የላይብረሪ ሠራተኞች የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድላቸውም። አንዳንድ ቅርንጫፎች ግን በነፃ የሚያዩ ጠበቆችን ቀን ለይተው ይጋብዛሉና ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ላይብረሪ ውስጥ ታክስ በነፃ ይሠራል ይባላል። ኡበር ለሚነዳ ሰውም ይሆናል?
*ከሲያትል*

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ይሆናል። የሚሠሩት የታክስ መሥሪያ ቤቱን ፈተና ያለፉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የዓመቱ ሥራዎ ኪሳራ የሚያሳይ ከሆነ ግን አይሠሩልዎትም። የነዱትን ማይል፣ 1099 የሚባለውን የገቢ ወረቀት፣ የራስዎንና የቤተሰቡን ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዶች፣ ፎቶ ያለው መታወቂያ፣ ያለፈውን ዓመት ታክስና የባንክ ቁጥርዎን ይያዙ። የጤና መድኅንዎን ከስቴቱ ገበያ የገዙ ከሆነ 1095-ኤ የሚባለውን ወረቀት አይርሱ፤ እሱ ጎድሎ የተላከ ታክስ ተመላሹ ይያዛል። ባልና ሚስት አንድ ላይ የምታስገቡ ከሆነ ሁለታችሁም ለመፈረም መቅረብ አለባችሁ። የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15 ነው ብለው አይዘግዩ። ቀጠሮው የሚሞላው ገና በጃንዋሪና በፌብሯሪ ነው።

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለት ሆነን በወር አንድ ቀን በአማርኛ መጽሐፍ ላይ እንወያያለን። እስካሁን በየካፌው ነበር። ላይብረሪው ክፍል ይሰጠናል? የአማርኛ መጽሐፍ ስንፈልግም ኮምፒዩተሩ የለም ይለናል፤ መደርደሪያው ላይ ግን ሁለት ሦስት አይተናል።
*ከዋሽንግተን ዲሲ*

መልስ፦ ክፍል የሚገኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው እንደ ማንኛውም የሰፈር ቡድን ክፍሉን መያዝ ነው። ካርድ ያለው አዋቂ ሰው በስሙ ያመለክታል። የተለመዱት ሕጎች እነዚህ ናቸው፦ ስብሰባው ለመጣ ሁሉ ክፍት ይሁን፣ መግቢያ አይከፈልበት፣ ምንም ነገር አይሸጥበት። ደራሲ ጋብዛችሁ መጽሐፉን እዚያው እንሽጥ ካላችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ብዙ ቡድን የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተሰጣችሁ ማለት ወንበር መደርደሩና መልሶ ማንሣቱ ጭምር ነው፣ ስለዚህ ውይይቱን በሰዓት ተኩል ጨርሱ።

ቡና ማፍላት የምታስቡ ከሆነ ከሰልና ዕጣን የማይሞከር ነው። የጭስ መቆጣጠሪያው ይጮኽና ሕንፃው በሙሉ ባዶ ይሆናል፣ ቀጣዩ ቀጠሮም ይሰረዝባችኋል። ቡናውን ቤት ቆልታችሁና አፍልታችሁ በፔርሙዝ አምጡት። ቄጤማውን ተዉት፤ ረከቦቱና ስኒዎቹ ማንንም አያውኩም። ምግብና መጠጥ ጨርሶ የማይፈቅድ ክፍልም ስላለ ይህንንም ጠይቁ።

ሁለተኛው መንገድ ውይይታችሁ የላይብረሪው የራሱ ፕሮግራም እንዲሆን መጠየቅ ነው፤ እኛ ይህን እንመርጣለን። የአዋቂዎች ፕሮግራም ኃላፊዋን ወይም ኃላፊውን ስም ከፊት ጠረጴዛው ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ስንት ሰው እንደምትሆኑ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ማን እንደሚመራ፣ መጀመሪያ የምታነቧቸውን ሦስት መጽሐፎች። ካላንደሩ ብዙ ጊዜ ከወራት በፊት ስለሚያልቅ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ላኩት። ከተፈቀደ ላይብረሪው ማስታወቂያውን ያትማል፣ ክፍሉን ይይዛል፣ በጀት ካለውም መጽሐፍ ይገዛል። በየስብሰባው የመጣው ሰው ይቆጠራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራሙ መቀጠሉን የሚወስነው በዋናነት ያ ቁጥር ነው። ያረፈደው ሳይቆጠር እንዳይቀር አንዱ ሰው መዝገቡን ይያዝ። እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራቸው አባሎቻችሁ ደግሞ፣ በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ይጠበቃልና «አማርኛ» ብለው ይጠይቁ።

ኮምፒዩተሩ የለም የሚላችሁ መጽሐፉ ጠፍቶ ሳይሆን የተመዘገበበት ፊደል ስለሚለይ ነው። የአሜሪካ ላይብረሪዎች የአማርኛን ርዕስ የሚመዘግቡት በላቲን ፊደል፣ የኮንግረስ ላይብረሪ በሚከተለው ሰንጠረዥ ነው። ያ ደግሞ እኛ በስልክ ከምንጽፈው አይገጥምም። ግዕዙ «መ» ኤም እና ኤ ነው፣ እኛ ግን ኤም እና ኢ እንጽፋለን። «ቀ» ሁልጊዜ በኪው ነው እንጂ በኬ አይደለም። «ሸ» ምልክት የተደረገበት ኤስ ነው፣ ኤች አይከተለውም። «ጸ» ከሥሩ ነጥብ ያለው ኤስ ነው፣ ቲ አይቀድመውም። ሳድሱ ኢ ይሆናል ወይም ይዋጣል። ስለዚህ «ፍቅር» ኤፍ፣ ኢ፣ ኪው፣ ኢ፣ አር ነው፤ «መጽሐፍ» ደግሞ ኤም፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኤች፣ ኤ፣ ኤፍ። ነጥቡንና ምልክቱን ብትተዉት አብዛኛው ኮምፒዩተር ያገኘዋል። ደራሲውን በስሙ እንጂ በአባቱ ስም አትፈልጉ፤ የኢትዮጵያ ስም የሚመዘገበው ሳይገለበጥ ነው። አንዳንዱ መዝጋቢ ስለሚሳሳት ግን ካጣችሁት ገልብጣችሁም ሞክሩ። ይህ ሁሉ ካደከማችሁ «አድቫንስድ ሰርች» ውስጥ ገብታችሁ የመፈለጊያውን ሳጥን ባዶ ተዉትና ቋንቋ የሚለው ላይ አማርኛን ምረጡ። ያላቸው ሁሉ ይዘረዘራል።

በእርግጥ ከሌለ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። ከሌላ ከተማ ላይብረሪ በ«ኢንተርላይብረሪ ሎን» ማስመጣት ይቻላል። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ የሚመጣውም አንድ ቅጂ ነውና ለውይይት ቡድን አይበቃም። ወይም እንዲገዙ የሚጠየቅበትን ቅጽ ሙሉ። ርዕስ፣ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ ካለ አይኤስቢኤን የሚባለውን የመጽሐፉን መለያ ቁጥር፣ እንዲሁም የሚሸጥበትን ሱቅ ጻፉ። ብዙ የአማርኛ መጽሐፍ የላይብረሪው አቅራቢዎች ጋ ስለማይገኝ፣ ሱቁን ያልጻፈ ጥያቄ እዚያው ይቀራል። ከአገር ቤት ያመጣችሁትን በስጦታ ለመስጠት ካሰባችሁ መደርደሪያ ይገባ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ብዙ ቦታ በስጦታ የመጣ መጽሐፍ በቀጥታ ለበጎ አድራጎት ሽያጭ ይሄዳል፣ በሃምሳ ሳንቲምም ይሸጣል።

ጥያቄ፦ ከብዙ ዓመት በፊት መጽሐፍ አዘግይቼ የመለስኩበት ቅጣት አለብኝ። በሱ ምክንያት አልሄድም። ተመዝግቦ መቅረትስ ያስቀጣል?
*ከሲያትል*

መልስ፦ የሲያትል ላይብረሪ የማዘግየት ቅጣትን ከጃንዋሪ 2 ቀን 2020 ጀምሮ አንሥቷል፣ የድሮውንም ሰርዟል። የሚከፈለው ጭራሽ ላልተመለሰ ወይም ለተበላሸ መጽሐፍ ነው፤ የርስዎ ግን ተመልሷል። ካርድዎ ጊዜው አልፎበት ሊሆን ስለሚችል መታወቂያ ይዘው ይሂዱና ያሳድሱት። ተመዝግቦ መቅረት ገንዘብ አያስከፍልም። ነገር ግን ሃያ ወንበር ባለው የኮምፒዩተር ክፍል አንድ ሰው ሲቀር አንድ ተጠባባቂ በከንቱ ደጅ ይቀራል። በኢሜል የመጣልዎት ማረጋገጫ ግርጌ ላይ መሰረዣ አለ፤ ባንድ ቀን ቀደም ብለው ይንኩት።